95 በመቶ አልቋል

የቅዳሜ ጠዋት ሥራዬ የማልገዛቸውን መኪናዎች ማየት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላው ሰው ሣር ያጭዳል፣ እኔ የሽያጭ ማስታወቂያ አነባለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ታዲያ አሮጌ የአሜሪካ መኪና አሳምሮ እንደሚሸጥ ሰው ትሑት፣ ቸርና እውነተኛ ፍጡር አላጋጠመኝም። እስከ ዛሬ ያመሰገነው የለም። ግፍ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ያነበብኩት እንዲህ ይላል። «የ1951 መርኩሪ። 95 በመቶ አልቋል። ሲቆም ይሠራ ነበር። ኤሲው ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው። ዋጋ 78,500 ዶላር። ምን እንደያዝኩ አውቃለሁ፤ ዋጋ ለመስበር የምትመጡ አትድከሙ።»

ትሕትናውን እዩልኝ። ከ20 ዓመት በላይ ለፍቶበት ጨርሻለሁ አይልም። አምስቷን በመቶ ለገዢው ተወለት፤ ገዢውም እጁን ያሟሽ እንጂ! «ሲቆም ይሠራ ነበር» ያለውንስ ማን ሊያስተባብለው ይችላል? አያቴም በሕይወት ሳሉ ጥሩ ይሮጡ ነበር።

ብቻዬን ከሄድኩ እንደምገዛው ስለማውቅ ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ጋራዥ ሠርተዋል። አሁን አሌክሳንድሪያ ልጃቸው ጋ ናቸው። ለእሳቸው መኪና ማለት ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮና ማርሚታ ነው። አሜሪካ መጥተውም ከጣሊያን የወረስነውን ስም አልቀየሩለትም።

መርኩሪን ለማታውቁት፦ ፎርድ ከ1949 እስከ 1951 ያወጣው ይህ ድቡልቡል መኪና ካሊፎርኒያ ያሉ ወጣቶች እጅ ሲገባ ዕጣው ተለወጠ። ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት። የበር እጀታውንና ጌጡን ነቅለው ቀዳዳውን በቀለጠ እርሳስ ደፈኑት። ሌድ ስሌድ፣ የእርሳስ ሸርተቴ እንበለው፣ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚህ ነው። ሳምና ጆርጅ ባሪስ የሚባሉ ወንድማማቾች በዚህ ሥራ ስማቸው ገነነ። የእነሱ ሥራ እውነትም ያምራል፤ እዚህ ላይ አልቀልድም።

የኛው ሰው መኪና ደጁ ላይ ቆሟል። ቀለሙ እንደተላሰ ከረሜላ ያብረቀርቃል። ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው። ጣሪያው አራት ኢንች ተኩል ስለተቆረጠ የፊት መስታወቱ የፖስታ ሳጥን አፍ አክሏል። ሾፌሩ የትራፊክ መብራት እንዴት እንደሚያይ ጠየቅኩት። «አያይም» አለኝ በኩራት። አርቆ አሳቢነት ነው። ቀይ መብራት ያላየ ሰው እንዴት ቀይ መብራት ጣሰ ይባላል?

ኮፈኑን ሲከፍትልን ደግሞ ሌላ ጉድ። በፋብሪካ የወጣው ባለ 112 የፈረስ ጉልበት ፍላትሄድ ቪ8 ሞተር የለም። በቦታው የሼቭሮሌት 350 ተቀምጧል። የፎርድ ልጅ በባላንጣው ልብ ይተነፍሳል። የፊት እግሩ ከ1970ዎቹ ማስታንግ 2 ነው። ወንበሩ ከሌላ፣ መሪው ከሌላ። እንደ ማኅበር ጠላ ሁሉም አዋጥቶበታል። ማስታወቂያው ግን «መርኩሪ» ብሎ በአንድ ቃል ጨረሰው። ቃል የማያባክን ሰው ደስ ይለኛል።

ውስጡን እንይ አልን። በሩ እጀታ የለውም። ሻጩ ከኪሱ ሪሞት አወጣና ተጫነ። ዝም። ደግሞ ተጫነ። ዝም። ባትሪው ሞቷል፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። «አንድ ደቂቃ» አለና ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ተንሸራቶ ገባ። ለካስ ለዚህ ቀን ብሎ ከሥር የሚጎተት ገመድ ደብቋል። ጫማው ብቻ ቀረን።

«ሰውየው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ ጋሼ።

«በር እየከፈተ ነው።»

«በሩ እዚህ አይደል እንዴ?»

«ነው ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ አልጠየቁም።

ሌባ የማይሰርቀው መኪና የሚባለው ይሄ ነው። ባለቤቱም የማይገባበት መሆኑ ትንሽ ጉድለት ነው፤ ከአምስቱ በመቶ ውስጥ ይካተት ይሆናል።

ሰውየው ከሥር እስኪወጣ ጋሼ ፓራፋንጎውን በጣታቸው ያንኳኩ ጀመር። ፊት ለፊት ቲን ቲን ይላል። ወደ ኋላ ሲሄዱ ዱብ ዱብ። ከቁልፋቸው ላይ ማግኔት ፈተው ለጠፉበት። ወደቀ።

«ስቱኮ ነው» አሉ።

«እዚህ አገር ጥበብ ነው የሚባለው ጋሼ። እርሳስ አቅልጠው...»

«እርሳስ ከሆነ ጥበብ ነው፤ አልኩህ እኮ፣ ይሄ ስቱኮ ነው።»

አዲስ አበባ ቢሆን ደላላው ስቱኮ የሚባል እንዳልነካው በእናቱ ይምል ነበር። ይሄኛው ሰው ግን አልደበቀም። ይባስ ብሎ ስቱኮውን በሰዓት አስልቶ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ግልጽነት ይሉሃል እንዲህ ነው።

እንዴት እንዳሰላው ያየነው ማህደሩን ሲያመጣ ነው። ወፍራም ማህደር፣ እያንዳንዱ ደረሰኝ በላስቲክ ተሸፍኖ። የጎማ፣ የቸርኬ፣ የቀለም። አንዱ ገጽ ላይ የፒዛ ደረሰኝ አየሁ። ሞተሩን ሲያስገቡ ያገዙት ጓደኞቹ የበሉት ነው። እሱም ተደምሯል። መደመር እንጂ መቀነስ የሚባል ነገር ማህደሩ ውስጥ የለም። (እኛስ? አንድ ዘመዴ ቤቱን ሲሸጥ ለግንበኞቹ ያበላውን ምሳ ደምሮ ነበር። ስለዚህ አልፈርድም።)

«ባሪስ የሠሩትን የሂሮሃታ መርኩሪ ታውቃለህ?» አለኝ ሻጩ። ማን የማያውቅ አለ? ባሪሶች በ1952 ለቦብ ሂሮሃታ ያሳመሩት የ1951 መርኩሪ ነው። በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ በጨረታ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። «እና የኔ 78 ሺህ በዛ?» አለ።

አልበዛም። ግን ያው መኪና በ1959 ለአንድ ጎረምሳ የተሸጠው በ500 ዶላር ነበር። ከ500 ዶላር እስከ ሚሊዮን ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የኛው ሰው ስሌት ትክክል ነው፣ የቸኮለው ጥቂት ብቻ ነው። ደግሞ እሱ ራሱ ባሪስን ቢሆን ደህና ነበር።

ይሄን ሁሉ ለጋሼ ስተረጉም ቆየሁ። «95 በመቶ አልቋል ይላል» አልኳቸው።

መኪናውን አንዴ ዞሩት። «እኔ መቶ በመቶ ያለቀ መስሎኝ ነበር።»

ቀጥለው ቦሎውን ጠየቁ። ቨርጂኒያ 25 ዓመት ያለፈውንና አንቲክ ታርጋ የለጠፈውን መኪና ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ እንደምታደርግ ነገርኳቸው። «ታዲያ ማን አይቶት ያውቃል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

በመጨረሻ ሊብሬው ይምጣ አሉ። ሻጩ ታይትሉን አመጣላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ብርሃን ላይ ዘረጉት። አገላብጠው አዩት። መኪናውን ሲያዩ ያልታየ ፈገግታ ፊታቸው ላይ መጣ።

«1951። መርኩሪ። ይሄ አልተነካም» አሉ። «ይሄን ለብቻው ስንት ይላል በለው።»

ተረጎምኩለት። ሰውየው አልሳቀም። ማህደሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የታይትሉን ደረሰኝ መፈለግ ጀመረ።