እሁዳችንን መልሱልን

ሰሞኑን መሥሪያ ቤታችን «ቲም ቢልዲንግ» የሚሉት፣ ሠራተኛን ያቀራርባል የተባለ የሽርሽር ቀን አምሮታል። የፈረደባት ቢሾፍቱ ናት። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ፣ መቅረት ክልክል ነው፣ የቲሸርት ልካችሁን ላኩ። ከሥሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ይህን ተረት ሳይጠቅስ ስብሰባ የሚዘጋ አለቃ እስካሁን አልገጠመኝም። አንበሳው ማን እንደሆነ ግን አይነግሩንም።

እስቲ ዛሬ እንኳን ልተንፍሰው።

መጀመሪያ እሁዱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት በሁለት እጥፍ ይከፈላል ይላል። እኛ ስም እየተጠራ የዋልንበት እሁድ የተከፈለን በቲሸርት ነው። «ይሄ እኮ መዝናኛ ነው» ይሉሃል። መዝናኛ ከሆነ ስም ለምን ይጠራል? የቀረው ሰው ሰኞ ጠዋት ኤችአር ቢሮ ምን ሊያደርግ ይጠራል? ሰው እኮ እሁድን ብዙ ነገር ያቅድበታል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ፣ ያልደረሰበትን ለቅሶ የሚደርስ አለ፣ ዝም ብሎ መተኛት የሚፈልግም አለ። የኔ ቢጤው።

ባለፈው ስንሄድ አውቶቡሱ አለቃችንን ሲጠብቅ አረፈደ። በኋላ ሲጣራ እሳቸው በራሳቸው መኪና ቀድመውን ሄደዋል። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ማይክ የያዘ አሠልጣኝ ተቀበለን። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ወደ ኋላ ውደቁ፣ ባልደረባችሁ ይይዛችኋል!» እኔን ሊይዝ ከኋላዬ የቆመው ሰው በዚያው ሳምንት ለአለቃ በጻፈው ኢሜይል ላይ ጣቱን የቀሰረብኝ ነው። ያዘኝ። ሣር ላይ ማንም ይይዛል።

ከዚያ ገመድ ጉተታ ሆነ። ስለ ገመድ ጉተታ አሠልጣኙ ያልነገረን ነገር አለ። ማክሲሚሊየን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር። ውጤቱን ያሳተመው እንደ ፈረንጆቹ በ1913 ነው። ስምንት ሰው አብሮ ሲጎትት የተገኘው ጉልበት፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቢጎትቱ ከሚገኘው ድምር ግማሽ ያህሉ ብቻ ሆነ። ከፊሉ አለመናበብ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይስብም። ከፊሉ ግን ዳተኝነት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች የሰዎቹን ዓይን ሸፍነው ከኋላቸው ሌሎች እየጎተቱ እንዲመስላቸው አደረጉ። የሚጎትተው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያም ሰው ሌሎች አሉ ብሎ ስላሰበ ጉልበቱን ቀነሰ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው እንደሚታይ ሲነገር ዳተኝነቱ ቀነሰ።

ለዚህ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የኛን ሰኔ ማየት ይበቃል። በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሪፖርት አለ፣ ቆጠራ አለ፣ ያልተሰበሰበ ሒሳብ አለ። ሥራው የተሰጠው «ለቡድኑ» ነው። ቡድኑ ማለት በተግባር አንዲት ልጅ ናት። ማታ ቢሮው መብራት ካለ እሷ አለች ማለት ነው። ሌላው በየመሐሉ ብቅ ብሎ «እንዴት ነው፣ አለቀ?» ይላል። ሪፖርቱ ሲያልቅ በአለቃችን ስም ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ታች «ቡድናችን አሳክቷል» የሚል መልእክት ከጭብጨባ ስቲከር ጋር ይወርዳል።

ግን የሰዎቹ ስንፍና አይደለም በጣም የሚያናድደኝ። ምዘናው ነው። በኛ ቤት ከአንድ ክፍል «እጅግ ከፍተኛ» የሚያገኙት ከሁለት ሰው መብለጥ አይችሉም። ቦነሱም የደመወዝ ጭማሪውም የሚሰላው በዚያ ነው። እስቲ አስቡት። አጠገቤ ያለው ሰው ጎበዝ በሆነ ቁጥር የኔ ኪስ ይሳሳል። ታዲያ አዲስ ለተቀጠረው ልጅ ሥራውን ቁጭ ብዬ የማሳየው ለምንድን ነው? የደንበኞችን ዝርዝር በራሱ ፍላሽ ይዞ የሚዞር ሰው አለን። ሁላችንም እንስቀበታለን፤ እሱ ግን ሒሳቡ ገብቶታል። ዓመቱን ሙሉ እንደ ባላንጣ አሰልፋችሁ፣ በአንድ እሁድ ሐይቅ ዳር ወንድማማች ሁኑ ትሉናላችሁ።

ወደ ጨረታው ልምጣ፤ እሱን ሳልናገር አልተኛም። አንድ ትልቅ የዕቃ አቅርቦት ጨረታ ነበር። ማስከበሪያው የሚገባው በሲፒኦ፣ ባንክ በሚሠራው የክፍያ ማዘዣ ነው። ጨረታውን ያወጣው መሥሪያ ቤት በመሐል ማሻሻያ ደብዳቤ ላከና የማስከበሪያውን መጠን ከፍ አደረገው። ደብዳቤውን የሽያጭ ክፍሉ ልጅ አይቶታል። ፋይናንስ ግን ሲፒኦውን በድሮው መጠን አሠራ። ፖስታውን ያሸገችው ያቺው የሰኔዋ ልጅ ናት፤ ቁጥሩ እንዳልጣማት በኋላ ለኔ ነግራኛለች። ያኔ ግን ሁሉም ዝም። ጨረታው የተከፈተ ቀን ሲፒኦው ያነሰ ስለሆነ ዋጋችን እንኳ ሳይነበብ ወደቅን። ስንት ሰው የደከመበት ሰነድ ነው!

ለምን ዝም አሉ? የሽያጩ ልጅ «ሲፒኦ የፋይናንስ ሥራ ነው» አለ። ፋይናንስ «ማን ነገረን?» አለ። የሷ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፕሮፎርማ ላይ 15 በመቶውን ቫት ሳትደምር ልካ ነበር። ስህተቱን ያገኘችው ራሷ ናት። ለአለቃ የነገረችውም ራሷ ናት፤ ደንበኛው ሳይከፍል ተስተካክሎ አልቋል። የተሰጣት ምላሽ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፣ ለግል ማህደሯ በግልባጭ። ከዚያ ወዲያ ምን ብላ ትናገር? ከጨረታው በኋላ የግማሽ ቀን ስብሰባ ተደረገ። አጀንዳው «ማነው ያበላሸው?» ብቻ ነበር። ያ ደብዳቤ ከሽያጭ ጠረጴዛ ወደ ፋይናንስ ጠረጴዛ ለምን አላለፈም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱ ክፍሎች እኮ በአንድ ኮሪደር ላይ ናቸው፤ በአሥር እርምጃ ይደረሳል።

የሃርቫርዷ ኤሚ ኤድመንድሰን እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ በመድኃኒት አሰጣጥ ስህተት ላይ ያጠናችው ነገር አለ። የተሻለ የሚተባበሩት ቡድኖች ትንሽ ስህተት ይሠራሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። መረጃው ተገልብጦ መጣላት፦ ጥሩ በተባሉት ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት የበዛ ነበር። ነገሩን ስትመረምረው ያገኘችው ማብራሪያ፣ እነሱ ያልፈሩ ናቸው የሚል ነው። ስህተታቸውን ይናገራሉ፣ ስለዚህ ይመዘገባል። የሌሎቹ ተደብቆ ነው የቀረው። የኛ መሥሪያ ቤት በዚህ ስሌት ከሄድን ምንም ስህተት የለበትም፤ መዝገባችን ንጹሕ ነው።

ደግሞ «እኛ ቤተሰብ ነን» የሚሏት ነገር አለች። የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ያለው ቤተሰብ የት አያችሁ? ይህቺን በዚሁ ልለፋት።

እናቴ ሰፈር ያለውን እድር ላንሳ። እዚያ ቲሸርት የለም፣ አሠልጣኝ የለም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣል። ድንኳን የመትከል ተራው የማን እንደሆነ ይታወቃል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ይታወቃል። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ጋሼ እከሌ ሀብታም ናቸው ተብሎ አይታለፉም። ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፣ ያልጣመው ተነስቶ ይጠይቃል፣ የጠየቀውም ማስጠንቀቂያ አይጻፍበትም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በአጥር ድንበር ተካሰው ሰላም እንኳ የማይባባሉ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። የአንድ ድንኳን ቋሚ ግራና ቀኝ ይዘው ሲያቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። አልታረቁም። ድንኳኑ ግን ቆመ፣ ለቀስተኛውም ዝናብ አልመታውም።

አለቆቻችን ይህ አይገባቸውም። እንድንዋደድ ይፈልጋሉ። እኔ የፋይናንሱን ሰውዬ መውደድ አልፈልግም። ልደቱን በኬክ ማክበርም አልፈልግም። የላክሁለትን ደብዳቤ እንዲያነብልኝ፣ ያልገባውን እንዲጠይቀኝ፣ ሲያጠፋም «እኔ ነኝ» ሲል የማይገረፍበት ቢሮ እንዲኖረው ነው የምፈልገው። መዋደዱ ከመጣ ምርቃት ነው። እውነቱን ለመናገር አብሮ ሠርቶ አንድ ነገር ያሳካ ሰው ሳይታዘዝም ይቀራረባል። እኛ ክፍል ጥሩ ጓደኛሞች የሆኑት ሰዎች አንድ ላይ ሲስተም የቀየሩት ናቸው። ሐይቅ ዳር ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ የታዘዙት ዛሬም ሊፍት ውስጥ ስልካቸውን ነው የሚያዩት።

ይህን ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ጽፈን ለኤችአር አስገብተን ነበር። የሁለት ሰው ገደቡ ይነሳ፣ ስህተቱን ራሱ ያሳወቀ ሰው ደብዳቤ አይጻፍበት፣ ሥራ ሲከፋፈል ከጎኑ የሰው ስም ይጻፍ አልን። ምንም ወጪ የለውም። ከአውቶቡስ ኪራዩ ይቀላል። መልሱ «በቲም ቢልዲንጉ ላይ ብታነሱት ይሻላል» የሚል ነው። ማይኩን አሠልጣኙ ይዞት በየት በኩል እንደምናነሳው እንጃ!

የሰኔዋ ልጅ ግን አልጠበቀችም። መልቀቂያ አስገብታለች፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዋን እየጨረሰች ነው። በሷ ቦታ ሰው አይቀጠርም፤ ሥራዋን ቡድኑ ይሸፍነዋል ተብሏል። ከቡድኑ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።