ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ

ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጭምር።

ቡና ላይ ስንቀመጥ የአገር ቤቱን ወንበር እየቆጠርን፣ ማን ማንን እንደዋጠ ስንተነትን እናመሻለን። እጃችንን አንስተን የማልንበት አገርስ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኛ ነን። (አገር ቤት «የሰው» ነው ማለቴ አይደለም፤ ገብቷችኋል።)

ጆርጂያ አቬኑን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ንዱ። ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባችሁ። ከወዲያ ያለው ሰው ሁለት ሴናተር አለው። ከወዲህ፣ ስቴት ባልሆነችው ዲሲ ያለነው አንድም የለን። በተወካዮች ምክር ቤት ያለን አንድ ተወካይም መናገር እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አይችልም። የፌዴራል ግብሩን ግን እንደማንም እንከፍላለን። ታክሲ የምትነዱ ይህን መስመር በቀን ስንቴ ትሻገሩታላችሁ! የዲሲ ታርጋ ላይ እኮ «ያለ ውክልና ግብር» የሚል ተጽፏል። ስንቶቻችን አንብበነዋል?

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ዲሲ 690 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ ዋዮሚንግ 577 ሺህ ገደማ። ለዋዮሚንግ ሁለት ሴናተር፣ ለእኛ ዜሮ። 39.5 ሚሊዮን ሕዝብ ላላት ካሊፎርኒያም ያው ሁለት ነው። ሎስ አንጀለስ ያሉ ዘመዶቻችሁ 68 ሆነው አንድ የዋዮሚንግ ሰው ቢያክሉ ነው።

በ1787 የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ትንንሾቹ ስቴቶች ትልልቆቹ እንዳይውጧቸው ፈሩ፤ ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ስቴት እኩል ሁለት ሴናተር የተሰጠው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኛም ቤት አለ። ግን ለትንሹ የታሰበ ከለላ፣ ከትንሹ የሚበዛውን ሕዝብ ደጅ ሲያስቀር ዝም ይባላል?

በ2021 ዲሲ ስቴት ትሁን የሚለው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 216 ለ208 አለፈ። ሴኔት ሲደርስ ቀረ፤ እኛ የሌለንበት ሴኔት። በ2023 ደግሞ የከተማችን ምክር ቤት ያወጣውን የወንጀል ሕግ ኮንግረስ ሻረው። ሕጉን ውደዱት ጥሉት፣ የሻሩት እናንተ ያልመረጣችኋቸው ሰዎች ናቸው።

ኪራይ አሯሯጧችሁ ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የገባችሁት ግን የባሰ ታሳዝኑኛላችሁ። ሴናተር አላችሁ፣ ስልክ ቁጥሩም አይጠፋችሁም። «ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ያለው ወንድሜስ?» ብላችሁ ደውላችሁ ታውቃላችሁ? ለአገር ቤት ጉዳይ ሲሆን ካፒቶል ደጅ በብርድ ስትቆሙ አይቻችኋለሁ። አናውቅበትም አትበሉኝ።