ጠብታው ከመግባቱ በፊት

አጎቴ ሰንዳፋ አካባቢ ያርሳል። አምና ጥር ላይ ጤፍ ሲያበራይ እብቅ ዓይኑ ገባ። በነጠላው ጫፍ ጠራረገው፣ በውሃ ታጠበ። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይኑ ደም ሲመስል መድኃኒት ቤት ሄዶ ‹‹ለቀላ ዓይን›› አለ። ማዘዣ የጠየቀው የለም፤ ጠብታ ሰጡት።

ለጥቂት ቀን ተሻለው። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት እኔ ቤት ሲመጣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ተቀምጧል።

‹‹ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹ኧረ ተወው፣ አቧራ ነው።››

በስልኬ መብራት ሳየው ጠርዙ እንደ ላባ የተበጣጠሰ ነው። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ነጥብ አለ። የጠብታው ጠርሙስ ላይ ደግሞ ዴክሳሜታዞን ይላል። ስቴሮይድ ነው። መቅላቱን ያጠፋል፣ ሰውነት የሚከላከልበትንም አቅም አብሮ ያዳክማል። ከእብቁ ጋር ገብቶ ኮርኒያው (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ላይ ላረፈ ፈንገስ ሠርግና ምላሽ ማለት ነው።

የዓይን ሐኪሙ አላመነታም። ዓይኑን አደንዝዞ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ፋቀና ስላይድ ላይ አደረገ። 10 በመቶ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ሲደረግበት ሕዋሱ እየሟሟ ይጠራል፣ የፈንገሱ ክሮች ይቀራሉ። የላብራቶሪዋ ልጅ ‹‹ና እይ›› አለችኝ። የተወሳሰበ የጥጥ ፈትል ይመስላል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ሰዓትም አልፈጀ። የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ለማወቅ ግን ማብቀል ያስፈልጋል፤ እሱ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል።

ነገሩን ሳወራ ብዙ ሰው ‹‹ይሄ እኮ ብርቅ በሽታ ነው›› ይለኛል። ብርቅ የሆነው መርምረን ስላላየነው ይመስለኛል። ደቡብ ህንድ ውስጥ ፍቀው ሲመረምሩ ከኮርኒያ ቁስሎች ግማሽ ገደማው ፈንገስ ሆኖ ተገኝቷል። አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1879 ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ሌበር መጀመሪያ የመዘገበው ታማሚ ገበሬ ነበር። እህል ሲወቃ እብቅ ዓይኑን መታው። የአጎቴ ታሪክ፣ ቁርጥ!

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ያ ማይክሮስኮፕ ወባና የሳንባ ነቀርሳ የሚታይበት ተራ ማይክሮስኮፕ ነው። ጤና ጣቢያዎቻችን ያውቁታል። የቸገረው ቁስሉን በጥንቃቄ የሚፍቅ የሠለጠነ የዓይን ነርስ እና ክሩን ለይቶ የሚያውቅ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ላይ በመጀመሪያ ቢሠለጥኑ ምን ይገድ ነበር? ገበሬው ያለው እዚያ ነው። እስከዚያው ደግሞ ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ያለ ማዘዣ እንዳይሸጥ መቆጣጠር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የፈንገሱ መድኃኒት ናታማይሲን የሚባል ጠብታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ዝርዝር ውስጥ መግባትና መደርደሪያ ላይ መገኘት ግን ለየቅል ናቸው፤ እኛ ሦስት ቀን ፈልገናል። መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ ነው የሚጨመረው፣ ሌሊትም ጭምር። አክስቴ በስልክ ማንቂያ እየተነሳች ጨመረችለት።

ዓይኑ ተረፈ። ጠባሳው ግን አለ፤ በዚያ ዓይኑ ጣት ከመቁጠር አያልፍም። ዘንድሮ ለውቂያ መከላከያ መነጽር ገዝቼ ወሰድኩለት። ግንባሩ ላይ አድርጎት ያበራያል።