የኋላው ሲጮህ ሙዚቃው ይጨመር

ለጉዞ መሰናዳት ላይ የሚስተካከለን ሕዝብ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ባሌ ልንወጣ ነው እንበል፤ ጎባ፣ ሳነቴ፣ ሐረና፣ ዶሎ መና። ሳምንታት ሲቀሩት የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ለግሩፑ ስም ለማውጣት ብቻ ሁለት ቀን ክርክር ይካሄዳል። በጉን ማን ይገዛል፣ ከሰሉን ማን ይይዛል፣ ድንኳኑ ስንት ሰው ያስተኛል፣ የስፒከሩ ቻርጅ እስከ ንጋት ይቆያል ወይ፣ አንድም ሳይቀር ይጣራል። ቲሸርት ይታተማል። መኪናዋ ትታጠባለች፣ ጎማዋ በቅባት ይወለወላል፣ ፖርቶመጋላዋ ላይ ባዶ ጀሪካን ይታሰራል። ባዶ የሆነው ክብደት እንዳይበዛ ታስቦ ነው። ፎቶ ላይ እንደሆነ ሙሉና ባዶ አይለይም።

ከዚህ ሁሉ ሽር ጉድ የተረፈ አንድ ዕቃ አለ። በኋላ ጎማዎቹ መሃል፣ ከሆዷ ሥር ክብ ሆኖ ጎላ ብሎ የሚታየው፣ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው ብረት፤ ዲፈረንሻሉ። እሱን ማንም አያስቸግረውም። መኪናዋን ከገዛን ጀምሮ ዘይቱን አልነካነውም፤ የቀድሞው ባለቤትም አልነካውም፤ ከሱ በፊት የነበረውም እንደዚያው። ሦስት ሊትር ገደማ ዘይት ነው፣ ከበጉ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምኑም አይደለም፣ ግን ጉዳዩ የገንዘብ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ቅርስ ነው። ቅርስ ደግሞ አይነካም።

እርግጥ ድምፅ ያሰማል። በሰዓት 60 ላይ ዝም ይልና 80 ላይ «ዊዊዊ» ማለት ይጀምራል፤ ነዳጁን ሲለቁት ድምፁን ቀይሮ ያጉረመርማል። ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት ጋራዥ አያስኬድም፣ መፍቻም አያስፈልገውም። የቴፑን ድምፅ ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው። ጩኸቱ ወዲያው ይጠፋል! አዳማ ላይ ድምፅ 12 ይበቃ የነበረው አሰላ ላይ 20 ይፈልጋል። ዲንሾ ሲደረስ ቴፑ መጨረሻው ላይ ነው፤ ተሳፋሪውም የሚግባባው በምልክት ነው። የብልሽቱን ደረጃ እንዲህ በቁጥር እያሳየ፣ ያውም በዜማ፣ የሚሄድ መሣሪያ የት ሀገር ይገኛል?

አልፎ አልፎ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ባለችው ቅጽበት ድምፁ የአንዱ ጆሮ ውስጥ ጥልቅ ይላል። «ምንድን ነው እሱ ሚጮኸው?» ይላል። ያኔ ነው የዕውቀታችን ስፋት የሚታየው። ባንክ የሚሠራው «ጎማው ነው» ይላል። ፋርማሲ የምትሠራው «ኧረ ንፋሱ ነው፣ መስኮቱን ዝጉት» ትላለች። ከኋላ የተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ «አስፋልቱ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ሹፌሩ የሁሉንም ሐሳብ በአክብሮት ይቀበላል፤ ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። በመጨረሻ በዕድሜ ጠና ያሉት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ክርክሩን ይዘጉታል። «ላንድክሩዘር እኮ ነው!»

በቃ። 70 የሚባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እየተሠራ ነው። ይህን ያህል ዘመን የኖረ ሞዴል ጥርሱ እንዴት ያልቃል? አንዳንድ ነገረኛ «የቆየው ሞዴሉ ነው እንጂ የእናንተ መኪና ጥርስ አይደለም» ማለቱ አይቀርም። ነገረኛ የት ይጠፋል።

እነዚህን ነገረኞች ከጉዞ በፊት ብታዩአቸው ታዝናላችሁ። በሰላም ቀን ሙዚቃ ያጠፋሉ። መስኮት ዘግተው፣ ልሙጥ አስፋልት ፈልገው፣ መኪናዋን 80 ላይ ያደርሱና ያዳምጣሉ። ነዳጅ ረግጠው ይሰማሉ፣ ለቀው ይሰማሉ፣ ማርሽ ዜሮ አድርገው እየተንሸራተተች ይሰማሉ። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ድምፁ ከተለዋወጠ የዲፈረንሻሉን ጥርሶች፣ ማለትም ትንሹን ፒኞንና እሱ የሚያዞረውን ትልቁን ኮሮና፣ ወይም ፒኞኑ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ይጠረጥራሉ። ነዳጁ ምንም ሳይለውጠው፣ መሪው ቀስ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲል የሚብስና የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው ይላሉ። የአስፋልቱ ዓይነት ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ከሆነ ደግሞ እውነትም ጎማው ሊሆን ይችላል (የባንኩ ልጅ እዚህ ላይ ትንሽ ነጥብ ያገኛል)። ማርሽ ገብቶ ስትነሳ፣ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀየር «ገጭ» ካለች መጀመሪያ የዘንጉን መገጣጠሚያ፣ ክሮቸራውን ያያሉ፤ እሱ ደህና ከሆነ በጥርሶቹ መሃል ያለው ክፍተት ሰፍቷል ብለው ይሰጋሉ። ይህን ሁሉ ድምፅ ሲለዩ አንድ ዘፈን ሳይሰሙ ይመሻል። ኑሮ ነው ይሄ?

አያበቁም እኮ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፋሉ፣ ከኋላ በክሪክ ያነሱና ጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፏታል፣ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ይገባሉ። ማርሹ ዜሮ ላይ እንዳለ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚመጣውን ዘንግ ጨብጠው ወዲያና ወዲህ ያዞሩታል። ጎማው ሳይንቀሳቀስ ዘንጉ ምን ያህል ባዶውን እንደሚሄድ ነው የሚያዩት። ትንሽ መላወስ ያለ ነው ይላሉ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዘወዘ ግን የፒኞኑ ኩሽኔታ ሄዷል።

ከዚያ ዘይቱ። መጀመሪያ የሚፈቱት የላይኛውን፣ የመሙያውን ቡሎን ነው። የታችኛውን ፈተው ዘይቱን ካፈሰሱ በኋላ የላይኛው ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናዋ በደረቅ ዲፈረንሻል ትገተራለች ብለው ይፈራሉ። ፈሪዎች ናቸው አልኳችሁ። ጣታቸውን በቀዳዳው ይሰዳሉ፤ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ከቆመች ዘይቱ የቀዳዳው ከንፈር ድረስ መድረስ አለበት። ያወጡትን ጣት እንደ ቡና ቀማሽ ብርሃን ላይ ያገላብጡታል። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የታችኛው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፤ እሱንም ፈትተው ያዩታል። ግራጫ ሆኖ ጭቃ የመሰለ ልስልስ ነገር ብቻ ከያዘ በጨርቅ ያብሱትና ይረጋጋሉ። በጣትና በጣት መሃል ሲታሽ የሚወጋ ስባሪ ካገኙ ግን ጉዞውን ይሰርዛሉ። ጉዞውን! በግ የተገዛበትን፣ ቲሸርት የታተመበትን ጉዞ! ከጥፍር ቁራጭ በማትበልጥ ብረት ምክንያት ሰው እንዴት በግሩፕ ፊት እንዲህ ይዋረዳል?

የኛ አሠራር ጨዋነት አለው። ጋራዥ የምንሄደው በዋዜማው፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ መካኒኩ እጁን ታጥቦ ልብስ ሊቀይር ሲል ነው። አንድ ዙር ነድቶ ይመለስና ፊቱን ቅጭም ያደርጋል።

«ጋሼ፣ ይሄ መፈታት አለበት። ኩሽኔታውም፣ ኮሮናና ፒኞኑም መታየት አለባቸው።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ዕቃው ከተገኘ ሦስት አራት ቀን።»

«የኔ ልጅ፣ ሌሊት 10 ሰዓት እንወጣለን እኮ ነው የምልህ። ብቻ እዚያ የሚያደርሰን ነገር አድርግበት።»

«መመለሱስ?»

«ለመመለሱ እግዜር አለ።»

ልጁ ራሱን ያካል። «እንግዲህ ወፈር ያለ ዘይት ልጨምርበት።»

«ተባረክ!»

እንዲህ ነው እንጂ መካኒክ። የመኪናዋ መጽሐፍ 80ደብሊው-90፣ ጂኤል-5 የሚባለውን ዘይት ይላል፤ እሱ ወፍራሙን 140 ያወርድበታል። ካልበቃው ግራሶ ያክልበታል። ከዚህም የረቀቁ ባለሙያዎች ሰጋቱራ የጨመሩበት ጊዜ አለ፤ ሙዝ የጨመረም አለ ሲባል ይወራል። ሳይንሱ ቀላል ነው። ያለቀ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ መሃላቸው የሚገባ ነገር ካገኙ ጩኸቱ ይበርዳል። ኩሽኔታው ዘይት ሳይደርሰው መንደዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚመጣው ከጉዞው በኋላ ነው፣ ወይም በጉዞው መሃል።

ዲፈረንሻሉ ሥራ እንዳይፈታ የምናደርግለትንም ሳላነሳ አላልፍም። አንዱ የኋላ ጎማ አዲስ ነው፣ ሌላው ተላጭቷል፣ ቁጥራቸውም አይገጥምም። ዲፈረንሻል የተፈጠረው መኪና ስትታጠፍ የውጪኛው ጎማ ከውስጠኛው በልጦ እንዲሽከረከር ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች እርስ በርስ አይፋጩም፣ ያርፋሉ። እኛ ግን ጎማ አበላልጠን ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ስናሯሩጣቸው እንውላለን። ሥራ አጥነትን የምንታገለው እንዲህ ነው። አስፋልት ላይም «ጉልበት ይሰጣታል» ብለን የፊት ጎማዎቹንም የሚያሽከረክረውን ማርሽ አስገብተን እንነዳለን፣ የፊትና የኋላው አክሰል በየመታጠፊያው እየተጓተተ። ወንዝ ስናይማ ቪዲዮ ይቀረፃል። የጋለ አክሰል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው በኩል ውሃ ይስባል፤ ነገረኞቹ ለዚህ ብለው መተንፈሻውን በቱቦ ወደ ላይ ያወጡታል። የኛ መተንፈሻ በጭቃ ስለተደፈነ ውሃ በዚያ በኩል አይገባም። ዘይት እንዳይፈስ በሚዘጋው ጎማ፣ በ«ኦይል ሲል» በኩል ነው የሚገባው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚል ተረት አለ። የተረተው ሰው ድስት እንጂ ላንድክሩዘር እንዳልነበረው ያስታውቃል።

ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚወስደው ዳገት ላይ፣ አሥር ሰው፣ አንድ በግ፣ ሁለት ጆንያ ከሰል ተጭኖ፣ በመጀመሪያ ማርሽ እየተጓዝን ከሥር «ቀጭ!» የሚል ነገር ይሰማል። ቴፑ መጨረሻው ላይ እያለ የተሰማ ስለሆነ ማንም አልካደውም። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ አትሄድም። እዚህ ላይ የልማዳችን ትልቁ ጥቅም ይገለጣል። ዲፈረንሻሉን አስፈትሾ የመጣ ሰው ሳነቴን በሁለት ሰዓት አቋርጦ ሐረና ጫካ ይገባል፤ ቀይ ቀበሮ በመስኮት አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አለቀ። እኛ ግን አደርንበት! ጅብራውን አንድ በአንድ እስክናውቀው አየነው። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ሲመሽም ሲነጋም ተመለከትነው። ውርጩን ሌላ ቱሪስት እንደ እኛ አያውቀውም። ፓርክ ውስጥ ማረድ ስለማይፈቀድ በጉም አደረ፤ ከሁላችን ሞቆት የተኛው እሱ ነው።

አንድ ዝም ብሎ የቆየ ልጅ መላ አመጣ። «ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱትን ሁለቱን የኋላ ዘንጎች እናውጣ፣ የመሃሉንም እንፍታው፣ የፊቱን አስገብተን በፊት ጎማ ቀስ እያልን ወደ ጎባ እንውረድ» አለ። እንዲህ ባለ አክሰል ላይ ጎማውን የሚሸከመው የአክሰሉ ቤት እንጂ ዘንጉ ስላልሆነ እውነትም ይሠራል። መላው ቆንጆ ነበር። ችግሩ፣ የመፍቻው ሳጥን ሲከፈት ውስጡ ትርፍ ስፒከር ነው የተገኘው። ጋሼም «ላንድክሩዘር እንዲህ አይፈታታም» ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ከዶሎ መና የመጣ አይሱዙ ጎትቶ አወረደን።

ከዚያ ወዲያ ያለው የንግድ ችሎታችን ነው። ከአንድ አሮጌ መኪና የተፈታ ዲፈረንሻል ተገዝቶ ተገጠመላት፤ እሱም ያው «ዊዊዊ» ይላል። ተነካካና ማስታወቂያዋ ወጣ። «ላንድክሩዘር፣ ሞተሯ ጥያቄ የሌለው፣ ባሌ ተራሮች ላይ የተሞከረች፣ ቁልፍ ተቀብሎ መንዳት ብቻ፣ የደላላ ስልክ አናነሳም።» ገዢው ከአጎቱ ጋር መጣ። ቀለሟን በጣቱ አንኳኳ፣ በሩን ሦስቴ ከፍቶ ዘጋ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ። ከሥር ግን አልገባም፤ ሱሪው ነጭ ነበር። አጎቱ ትንሽ ጠርጠር ሲያደርጋቸው የዲፈረንሻሉ ዘይት ገና ትናንት እንደተቀየረ ነገርናቸው። በጣም ደስ አላቸው። በዚሁ ላይ 50 ሺህ ብር ጨመርንበት።