ታታታ ታም

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ተጠርቼ የሄድኩበት ቤት፣ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ክላሲካል ሙዚቃ ላይ ደረሰ። አንዷ እንግዳ አጠገቤ የተቀመጠውን ወዳጄን «ከክላሲካል የማንን ትወዳለህ?» ብላ ጠየቀችው።

ወዳጄ ሲኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አይኑን ጨፈን አደረገ። «የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ» አለ። ከዚያ የወንበሩን መደገፊያ በጣቱ እየመታ «ታታታ ታም! ታታታ ታም!» አለና ዝም። ቤቱ በሙሉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ስሜት ውስጥ ገብቶ ዝም ያለ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ ወዲያ ስለማያውቀው ነው። ሲምፎኒው ግማሽ ሰዓት ያህል የሚሄድ፣ አራት ክፍል ያለው ነገር ነው። ወዳጄ የሚያውቀው አራት ድምፅ ነው። ለየክፍሉ አንድ አንድ ይደርሳል። ፍትሐዊ ነው።

እኔ እንዲህ ያለውን ሰው ከልቤ አደንቃለሁ። በ1808 እ.ኤ.አ. ይኸው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ የቪየና ሰዎች በታኅሣሥ ብርድ፣ ባልሞቀ አዳራሽ፣ አራት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ነው የሰሙት። ስድስተኛውንም፣ የፒያኖ ኮንቼርቶውንም እዚያው ላይ ተጨምሮላቸው። ምስኪኖች! ወዳጄ ሦስት ሰከንድ የፈጀበትን ነገር።

ምርጫ ጥበብ ይጠይቃል። «ምርጥ አሥሮቼ» ብሎ የሚዘረዝር ሰው ዝም ብሎ የወደደውን አይጽፍም፤ እንዲያ የሚያደርግ ፋራ ነው። መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቃቸውን ሁለት ሦስት ስሞች ያስገባል። ቀጥሎ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስይዝ አንድ ሩሲያዊ። ከዚያ ኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ ማህለርን ጣል ያደርጋል። ማህለር የዋዛ ምርጫ አይደለም። ሦስተኛ ሲምፎኒው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። እሱን እወዳለሁ ስትል ማን ተቀምጦ ሊያጣራብህ ነው?

የጥንቱ ጣሊያናዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራ ነው የሚባለውን ዝግ ያለ ዜማ፣ «የአልቢኖኒ አዳጆ»ንም አንርሳ። «የድሮው ይሻላል፣ የዛሬ ሙዚቃ ነፍስ የለውም» የሚል ሰው ነው የሚመርጠው። ይህ የሦስት መቶ ዓመት ነፍስ ያለው ሥራ የታተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። የጻፈው ጃዞቶ የሚባል ጣሊያናዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ነው። ከአልቢኖኒ ቁራጭ ወረቀት ተነስቼ ነው ይበል እንጂ ወረቀቱን አሳየን ሲሉት ነገሩ ሳይጨበጥ ቀረ። መራጩ ግን ይህን ስትነግረው አይደነግጥም። ሲያዳምጥ አልቢኖኒን በአይኑ አይቶታል፤ ዊጉን ሳይቀር።

ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩማ ምን ልበል! ፒያኗቸው ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸክላ ተቀድቶ ነበር። እኛ ታጋሾች ነን። በ2006 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች በሲዲ አሳትመው ፈረንጅ ሁሉ «ወይኔ!» እስኪል ጠበቅን። አሁን በየዝርዝራችን አንደኛ ናቸው። «እኔማ ድሮም» የማይል የለም።

ከሁሉም ግን ሠርግ ላይ የሚመርጡትን አደንቃለሁ። ሙሽሪት አዳራሽ ስትገባ በኪቦርድ የሚመታውን ታውቁታላችሁ፤ «ታም ታ ታታም» የሚለውን። የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር ነው። በ1850 እ.ኤ.አ. ቫይማር ላይ ለመድረክ ከበቃው ሎሄንግሪን ከሚባል ኦፔራ የተወሰደ። ኦፔራው ውስጥ ዜማው እየተዘመረ ሙሽሮቹ ጫጉላ ቤታቸው ይገባሉ። ሌሊቱ ሳይነጋ ትዳሩ ይፈርሳል። ምክንያቱም ባልየው «ስሜን እንዳትጠይቂኝ» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር፤ እሷ ጠየቀች። ይህን መርጦ ልጁን የሚድር ቤተሰብ በትዳሩ ምን ያህል ቢተማመን ነው! ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች የሙሽራው ስም መቼ ያሳስበናል?

የቢሮ ስልክ ላይ ዜማ የሚመርጡትም ምስጋና ይገባቸዋል። በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት ደውዬ «እባክዎ በመስመር ላይ ይጠብቁ» ተባልኩና «ለኤሊዜ» ተከፈተልኝ። የቤትሆቨን ነው እሱም። ያቺ መግቢያዋ ብቻ፣ እየዞረች፣ እየዞረች። በመሃል ቆረጥ ትልና የሰው ድምፅ የመጣ ሲመስለኝ «ሄሎ!» እላለሁ፤ እንደገና ከመጀመሪያው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በኋላ ግን ሳስበው ምርጫው የጨዋ ነው። ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ ይህች ዜማ ለመታተም አርባ ዓመት ጠብቃለች። እኔ አርባ ደቂቃ ብጠብቅ ምን ይለኛል?

ኮንሰርት ገብተው በየክፍሉ መሃል የሚያጨበጭበውን ሰው በአይናቸው የሚቆጡትስ? «እሽሽ! ገና አላለቀም!» የሚሉት። ሞዛርት በ1778 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ አዲስ ሲምፎኒ ሲያቀርብ ሕዝቡ ሙዚቃው ገና እየተጫወተ አጨበጨበ። ሰውየው ከደስታው ብዛት ወጥቶ አይስክሬም እንደበላ ለአባቱ ጽፏል። «እሽሽ!» የሚለው አጥቶ ነው እንጂ እንዲህ ባልባለገ ነበር።

ወደ ቡናው ልመለስ። የቤቱ ባለቤት የዋህ ሴት ናት። «ይህን ያህል ከወደድከውማ» ብላ አምስተኛውን በቴሌቪዥኑ ከፈተችለት። ታታታ ታም! ወዳጄ እጁን አንስቶ ኦርኬስትራውን መራ። ግማሽ ደቂቃ ያህል። ከዚያ እጁ ወደ ፈንዲሻው ወረደ። ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር ስልኩን አወጣ። ሦስተኛው ላይ ቀንደ መለከቶቹ ያችኑ አራት ድምፅ በሌላ መልክ ይዘው ሲመጡ ቀና አለ።

«ይሄ ደግሞ የማነው? ደስ ይላል» አለ።

«ያው አምስተኛው ነው» አለችው።

ፈገግ አለና ወደ ጠያቂዋ ዞረ። «እና ቅድም ስለ ቤትሆቨን ስነግርሽ...» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ለቤቱ ባለቤት «እትዬ፣ እስቲ ድምፁን ቀነስ አድርጊልኝማ፤ አልተሰማማንም።»