ልጅ የተቀበለውን ቤት ብቻውን አንተወው

እናቱ ዓረብ አገር የሄደችበት ልጅ አያቱ ጋ ያድጋል። ወላጆቹን በሞት ያጣው አክስቱ ቤት ይገባል። ትምህርት ቤት የራቀው የገጠር ልጅ ከተማ ያለ አጎቱ ጋ ይላካል። የአባቱ የልብ ጓደኛ ወይም የእናቱ ቡና አጣጭ ወስደው የሚያሳድጉትም አለ። በአገራችን እንዲህ ያለ ልጅ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል።

ይህ የምንኮራበት ነገር ነው። መንግሥት ያልዘረጋውን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ዘመድና ጎረቤት ተሸክመውት ኖረዋል። ጥር 2010 ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን ሲያስቀር ልጆቻችን በአገራቸው፣ በወገናቸው እጅ ይደጉ ተባለ። ተገቢ ነበር። ያ ወገን ግን ማን ነው? ብዙ ጊዜ አንዲት አክስት ናት። ወይ ደግሞ ጉልበታቸው የደከመ አያት።

ልጁን የሚወስድ ሰው ሲገኝ የቀረነው እፎይ እንላለን። ዘመድ ተሰብስቦ ይመክራል፣ «እሷ ትውሰደው» ይባላል፣ አደራ ተብሎ ይሸኛል። ከዚያ በኋላ በዓል ሲመጣ ልብስ ይገዛለታል። ስንተኛ ወጣ፣ ሒሳብ ይከብደዋል ወይ፣ ማን ያስጠናዋል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ እንደማምነው የዚህን ልጅ ትምህርት መደገፍ የሚጀምረው ልጁን የተቀበለውን ሰው ከመደገፍ ነው። አሳዳጊው ብቻውን ሲቀር በመጀመሪያ የሚጎዳው የልጁ ትምህርት ነው።

በቅርብ የማውቃቸው አንዲት አያት አሉ። ልጃቸው ቤይሩት ናት፤ ሁለት ልጆቿን ለእሳቸው ትታ ነው የሄደችው። ትልቁ አምስተኛ ክፍል ነው። ሲያረፍድ ወይም የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲቀር «ወላጅ አምጣ» ይባላል። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ይሄዳሉ። ቢሮ ሲገቡ «እርስዎ ምኑ ነዎት?» ይባላሉ። አያቱ መሆናቸውን ሲናገሩ «እናቱን ነበር የፈለግነው» የሚል መልስ ይሰጣቸዋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ መምህሩ ደብተሩ ላይ አስተያየት ጽፎ «አስፈርመህ ና» ይለዋል። አያት ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ስለ ራሱ የተጻፈውን ልጁ ራሱ ያነብላቸዋል። ደስ ያለውን ብቻ መርጦ ነው የሚያነብላቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ።

ማታ እናትየው በኢሞ ትደውላለች። «እየተማርክ ነው?» ትለዋለች። «አዎ» ይላታል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ማዳሟ ትጣራለች፣ ስልኩ ይዘጋል። ይህች እናት ሰነፍ አይደለችም። ሰው ቤት ሌሊት ተነስታ የምትሠራው ለእነዚህ ልጆች ነው። የምትልከው ብር የቤት ኪራይ፣ የጤፍና የዘይት ወጪ ይሸፍናል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ይመግባሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣሉ። ይህ ለእንደዚህ ያሉ ቤቶች ትልቅ ነገር ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። አያትየው ቤት ውስጥ የጎደለው ሌላ ነው። ማታ ደብተሩን ከፍቶ ከልጁ ጋር የሚቀመጥ ሰው የለም።

ይህን ጉድለት ዘመድ መሙላት ይችላል። ዋሽንግተንም ሆነ ፍራንክፈርት ያላችሁ፣ ለፋሲካ በግ መግዣ የምትልኩትን ላኩ። በተጨማሪ በወር አንድ ጊዜ ለአስጠኚ የሚከፈል፣ ለሌላ የማይውል ብር ብትመድቡ ለልጁ ብዙ ያደርግለታል። አስጠኚው የሰፈር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ እሱም በብሩ ይጠቀማል። እዚሁ ከተማ ያለን ደግሞ ከመካከላችን ማንበብ የሚችል፣ ጊዜ ያለው አንድ ሰው መርጠን ስልኩን ለትምህርት ቤቱ እንስጥ። የወላጅ ስብሰባ ሲጠራ እሱ ይሂድ። አያት ምሳውን ያብሉት፣ ይመርቁት፣ ይቆጡት። የእንግሊዝኛ ውጤቱን የሚከታተለው ሌላ ሰው ይሁን።

ወረቀት ደግሞ ብዙዎች የማያስቡት ጣጣ ነው። አጎት የወንድሙን ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስገባ በራሱ ስም ያስመዘግበዋል። ክፋት የለበትም። «ልጄ ነው፣ ልዩነት አይሰማው» ብሎ ነው። አያት ያሳደጉት ልጅም ብዙ ጊዜ በአያቱ ስም ይጠራል። ዓመታት በሰላም ያልፋሉ። ሚኒስትሪ ሲደርስ ግን ነገሩ ይፈነዳል። የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ አንድ ስም፣ ካርዱ ላይ ሌላ ስም ይገኛል። ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ቀጠሮ ይከተላል። ልጁ ማጥናት በሚገባው ሰዓት ወረቀት ይዞ ይንከራተታል። ይባስ ብሎ አንዳንዱ ያሳደገው ሰው አባቱ እንዳልሆነ የሚሰማው ያኔ ነው።

በወላጅ አባቱ ስም አለመመዝገቡ ሌላም ነገር ያሳጣዋል። ሟቹ አባት ጡረታ ያለው ሠራተኛ ከነበረ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ የሚያገኘው የሙት ልጅ ጡረታ አለ። ያንን ለማውጣት ልጅነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። ከደብተርና ከትራንስፖርት አልፎ ቤቱን የሚደጉም ገንዘብ በስም ስህተት ሲቀር ያሳዝናል።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ወላጅ ከሌለ ሞግዚቱ (በሕግ ኃላፊው የሆነው ሰው) ወይም ልጁን የያዘው ሰው ማስመዝገብ ይችላል። ጊዜው ካለፈም የዘገየ ምዝገባ አለ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራው የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ዛሬም ሰርተፍኬት የላቸውም። እነዚህ ልጆች አሁን የላይኛው ክፍሎች ውስጥ ናቸው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጆች በሌሉበት አያቶችን፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶችን፣ ከዚያም አጎትና አክስትን አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋል። የቤተሰብ ጓደኛ በዚህ ተራ ውስጥ የለም። ወላጅ በኑዛዜ ካልሰየመው ወይም ፍርድ ቤት ካልሾመው ልጁን አሥር ዓመት ቢያሳድገውም በወረቀት ደረጃ ባዕድ ነው። ስለዚህ የጓደኛህን ልጅ የምታሳድግ ከሆነ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ፍርድ ቤት ሂድ። ዘመዶቹም አብረውህ ሄደው ይመስክሩ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው። «አስተምርሻለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣችውን ልጅ አስቧት። ጠዋት ቁርስ ታቀርባለች። የቤቱን ልጆች አልብሳ ሰርቪስ ላይ ታሳፍራለች። ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ ገበያ ትሄዳለች። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደብተሯን ይዛ የማታ ትምህርት ትሮጣለች። ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ማታ 3 ሰዓት ስትመለስ የእራት ዕቃ ይጠብቃታል። ትማራለች ወይ ተብሎ ቢጠየቅ አዎ፣ ተመዝግባለች። በዚህ አኳኋን ግን ማንም ሰው ሊማር አይችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ይህች ልጅ ግን ዘመድ ናት፤ ሠራተኛ አትባልም። ስለዚህ ደሞዝ የላትም፣ የዕረፍት ቀን የላትም፣ የሚጠይቅላትም የለም። አገር ቤት ያሉት ወላጆቿ ነገሩን ቢሰሙም ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ልጃችንን እያበላች እያለበሰች ምን ብለን እንናገራለን?» ይላሉ። ይህ ይሉኝታ የስንት ልጅ ትምህርት እንዳስቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።

ልጅ ቤት ውስጥ አይሥራ ማለቴ አይደለም። ሁላችንም ውኃ ቀድተን፣ ዕቃ አጥበን ነው ያደግነው። መለኪያው ቀላል ነው። የቤቱ ልጅ የሚሠራውን ያህል ትሥራ። የቤቱ ልጅ ቀን የሚማር ከሆነ እሷም ቀን ትማር። የቤቱ ልጅ ፈተና ሲደርስ ከሥራ ነፃ የሚሆን ከሆነ እሷም ትሁን። ይህንን ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት፣ አንድ ሁለት የተከበሩ ዘመዶች ባሉበት መነጋገር ያስፈልጋል። በየትኛው ትምህርት ቤት፣ ቀን ወይስ ማታ፣ ለክረምት ትመለሳለች ወይ፣ ማን ምን ይከፍላል። አፍ አውጥቶ መነጋገር ዝምድና አያበላሽም። ዝምድናን የሚያበላሸው ልጅቷ ከስድስት ዓመት በኋላ ባዶ እጇን ስትመለስ ነው።

«ይህን ሁሉ ካልን ማን ልጅ ይወስዳል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ስጋቱ ይገባኛል። ኑሮ ተወዷል፤ አንድ አፍ መጨመር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ልጅ የወሰደች አክስት የምትሸሸው ስለ ትምህርቱ ሲጠየቅ ሳይሆን ወጪው ሁሉ እሷ ላይ ሲወድቅ ነው። አራት እህትና ወንድም ካለ አንዷ ታኑረው፣ አንዱ ትራንስፖርቱን ይቻል፣ አንዱ የአስጠኚውን፣ አንዱ ወረቀቱን ይጨርስ። ያኔ ሌላውን መጠየቅም፣ ራስ ተጠያቂ መሆንም ይቻላል፤ ሁሉም ድርሻ አለውና።

ዕድርም እዚህ ላይ ሥራ አለው። ዕድሮቻችን ድንኳን ተክለው፣ ንፍሮ ቀቅለው፣ የሟች ቤተሰብን አጽናንተው ይመለሳሉ። ኤችአይቪ ብዙ ወላጆችን በወሰደበት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ አልፈው የሙት ልጆችን የረዱ ዕድሮች ነበሩ። ያ ልምድ ሊመለስ ይገባል። ከአርባው በኋላ ልጆቹ የት ገቡ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ጀመሩ ወይ ብሎ የሚያይ ሁለት ሰው ከአባላቱ መመደብ ከባድ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ ብዙ ተፈታኝ ሻንጣ ይዞ ከቤት ይወጣል። ለዚያ ጉዞ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ከዕድሩ ቢወጣ አሳዳጊው ያን ሰሞን ብድር ፍለጋ አይዞርም።

ትምህርት ቤቶችም ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነገር አለ። በክረምቱ ምዝገባ ላይ ቅጹ የአባትና የእናት ስም ብቻ ባይጠይቅ ጥሩ ነው። ልጁ አብሮት የሚኖረው ማን ነው፣ ስልኩስ፣ ማንበብ ይችላል ወይ፣ ካልቻለ ለማን ይደወል ብሎ ይጠይቅ። ወመተህ (የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት) ስብሰባውን ሲጠራ አያቶችና አክስቶች በስማቸው ይጋበዙ። የክፍል ኃላፊ መምህሩም ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ካወቀ አስተያየቱን ደብተር ላይ ጽፎ ለልጁ ከመስጠት ይልቅ ስልክ ይደውላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ወረቀትና የመምህሩ አምስት ደቂቃ ነው።