ምስጋና ለ«መጣሁ»

ተማሪዎቻችን አማካሪ የላቸውም የሚል ሐሜት በዝቷል። ሐሰት ነው። አማካሪ የሌለው ተማሪ የለም፤ ስም ዝርዝሩ በየሴክሽኑ ተለጥፏል፣ ማኅተምም አለው።

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ለመጨረሻው ሴሚስተር ምዝገባ አጅቤ ከፒያሳ በባጃጅ ሄድን። ግቢውን አልጠራም፤ ጎንደር ውስጥ ልጅ ያስተማረ ሁሉ የራሱን ግቢ ያስብ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥተን አማካሪዋ በር ላይ ስንደርስ አንዲት ወረቀት ተቀበለችን። «መጣሁ» ትላለች።

እዚያው ቆሜ አማርኛችንን አደነቅሁ። ሰው እየሄደ «መጣሁ» የሚልበት ቋንቋ ስላለን ዕድለኞች ነን። ግሡ ኃላፊ ነው፤ ነገሩ አልቋል። በሰዋስው ደረጃ መምህሩ ቢሮ ገብተዋል፣ የቀረው ሥጋቸው ነው።

ወረቀቷ ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ ነባር ተማሪዎች። አሁን የዕጣን ጭስ የጠጣ ብራና መስላለች። ጥግ ጥጓ ላይ ፕላስተር በፕላስተር ተደራርቧል፤ በየጊዜው እየመጣ የሚያድሳት ሰው አለ ማለት ነው። ያ ሰው መምህሩ ራሳቸው ከሆኑ እኮ መጥተው ነበር፤ የዘገየነው እኛ ነን። አስጎብኚዎች ቱሪስቱን ከፋሲል ግንብ ሲያወጡት በዚህ በኩል ቢያሳልፉት ምን አለ? ባለቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰበት ሁለተኛው ቅርሳችን ነው። ተመራቂዎች ጋውን ለብሰው ከጎኗ ፎቶ ይነሳሉ አሉ። አንድ ልጅ ደግሞ ኮርስ ልጨምር ወይስ ልጣል ብሎ ሊጠይቅ መጥቶ አነበባት፤ «ጠብቅ ማለቷ ነው» ብሎ ተረጎማትና አንድ ሴሚስተር ጠበቀ። እኔ ብሆን ወረቀቷን ረዳት ፕሮፌሰር አድርጌ እሾማት ነበር። ከሥራ ገበታዋ ቀርታ አታውቅም። ተማሪ አታመናጭቅም። ለሰቃዩ ጎበዝም፣ ውጤቱ ወርዶ ዋርኒንግ ለተሰጠውም አንድ ዓይነት ምክር ትሰጣለች፤ ደመወዝ አነሰኝ ብላ ከግል ኮሌጅ ግል ኮሌጅ ስትሮጥም አትታይም።

መምህሩን ያገኘናቸው ላውንጅ ነው፣ ማኪያቶ ላይ። ደግሞ ሲፈርሙ! የምዝገባ ስሊፑን ተቀበሉ፣ «የት ጋ ነው?» አሉ፣ ፈረሙ። ዲፓርትመንት ከገባች ጀምሮ ልጅቱ ከአማካሪዋ የሰማችው ጥያቄ ይቺው ብቻ ናት፤ ስድስት ጊዜ ተጠይቃ ስድስቴም በትክክል መልሳለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተሳሉት መላእክት የትም ብትቆም ዓይናቸውን አይነቅሉብህም፤ ኋላ ቀሮች ስለሆኑ ነው። በዓታ አቋቋም የሚያስተምሩት የኔታም ተማሪውን አንድ በአንድ እየሰሙ፣ የቱ ልጅ የቱ ላይ እንደሚስት በቃላቸው ይዘውታል። ምን ያድርጉ፣ ወረቀት የሚለጥፉበት በር የላቸው።

ስድስተኛውን ፊርማ ይዘን ሬጅስትራር ስንደርስ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አየችና ዝም አለች። ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ኤፍ አለ። ኮርሱ የሚሰጠው በመጀመሪያው ሴሚስተር ብቻ ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ተሰጥቶ አለፈ፤ አራተኛም ላይ ተሰጥቶ አለፈ። ልጅቷ «አንድ ቀን ይመድቡልኛል» ብላ ትጠብቃለች። አሁን በመጪው ዓመት ከታናናሾቿ ጋር ልትቀመጥ ነው። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሁሉም ሆኗል፣ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው፤ እሷ ግን ከጓደኞቿ ጋር ገብታ የመውደቅ ዕድል እንኳ የላትም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ከኤፉ በኋላ አምስት ጊዜ ተፈርሟል። አምስት ጊዜ! አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ ግሬድ ሪፖርቷን ገልጦ «ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?» ለማለት ማኪያቶ እስኪበርድ እንኳ አይፈጅም። እህቴ ቆላድባ ላይ ሽንኩርት ሸጣ ነው ያስተማረቻት። የምረቃውን ጌሾ ገዝታ በማዳበሪያ ጓዳ አስቀምጣለች። ደውዬ ምን ልበላት? ትሽጠው ወይስ ታቆየው?

ላውንጅ ተመለስን።

«ይሄ እኮ ሬጅስትራር የሚያየው ነው» አሉ መምህሩ።

ሬጅስትራር ደግሞ «አማካሪዋ የሚያየው ነው» ብሎን ነበር የመጣነው። እንዲህ ያለ መከባበር የትም መሥሪያ ቤት አላየሁም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም። ቀጥለውም ተማሪ ራሷ ካሪኩለሟን ማወቅ እንዳለባት በትዕግሥት አስረዱኝ። ማለትም አማካሪዋ ራሷ ናት፤ እሳቸው ፈራሚ።

ስልካቸው ጮኸ። ብድግ አሉ፣ ጃኬታቸውን ከወንበሩ አነሱ።

«ጋሼ፣ አንዴ፣ መጣሁ።»

የማኪያቶው አረፋ ቀስ እያለ ወረደ። አስተናጋጇ መጥታ ሒሳቡን እኔ ፊት አስቀመጠች።